ለእማዬ ሲባል የተነፈሰ ጎማ

ውድ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ፣ ጥርስህስ፣ ያ አመልህስ? እማዬ እንዴት ናት? አባባስ ደህና ናቸው? ታናሿ እህታችንስ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከእጄ ላይ አልለቅ ካለው የጎማ ጥቁረት በቀር የሚያስቸግረኝ ነገር የለም።

ይህን ጽሑፍ እያየህ ማን ጻፈለት እንዳትል፣ ራሴ ነኝ! እስከ ዛሬ ይጽፍልኝ የነበረው ልብስ ሰፊ በሰላምታዬ መሃል የራሱን ቀልድ እየሰነቀረ ስላስቸገረኝ አሰናብቼዋለሁ። በማታ ትምህርት ቤት ከክፍላችን አንደኛ ነኝ። ሁለተኛዋ ጥርስ የሌላቸው አሮጊት ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር ግን እየደረሱብኝ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እማዬ ወደ ሐኪም የምታመላልስበት ሞተር ሳይክልህ ላይ አልወጣም ብላ የእግሯን ሕክምና ማቋረጧን አንተ ስትጽፍልኝ ምሳዬ አልዋጥልህ አለኝ። እሷ ሞተሩ ይወዛወዛል ትላለች፤ እናንተ ደግሞ እርጅና ነው፣ ፈርታ እየተንቀጠቀጠች ራሷ ናት የምታወዛውዘው ትሏታላችሁ። ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው (አዎ፣ ራሴ ሳነበው!) ነገሩ ተገለጠልኝ። መንገዱ እንዳያንገጫግጫት ብለህ ከሁለቱም ጎማ ንፋስ አጎደልክ። አልበቃ ብሎህ ደግሞ እንደ ፍራሽ ይለስልስላት ብለህ ከኋላ ከልኩ የሰፋ ጎማ አሰርክበት። ወይ አንተ! ፍቅርህ ነው እኮ ሴትዮዋን ሊጥላት የነበረው።

በግምት አይደለም የማወራህ፣ ሞክሬዋለሁ። የአለቃዬን የጎሚስታውን ሞተር ሳይክል ልክ እንዳንተ ንፋሱን አጉድዬ፣ በጠባቡ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ አስሬ፣ ጎረቤታችንን ዳቦ ጋጋሪውን ከኋላ ጫንኩት። ቀጥ ባለው መንገድ ደህና ነበርን። ኩርባው ላይ፣ ያውም ቀስ ብዬ እየነዳሁ፣ መሪው እንደ እልኸኛ በቅሎ አልዞርም አለኝ፤ ኋላው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ጋጋሪው ወገቤን ጨምድዶ ይዞ አውርደኝ አንተ ቀውስ፣ ሚስቴ ምን በወጣት ባሏን ታጣለች እያለ ሰፈሩን አናወጠው። ትክክለኛውን ጎማ መልሰን ንፋሱን በልኩ ስንሞላው ግን፣ ያንኑ ኩርባ ስለ ዱቄት ዋጋ እያማረረልኝ አለፍነው።

ስለዚህ ሰፊውን አውልቀህ የቀድሞውን ልክ እሰር፤ ቁጥሩ የቀድሞው ጎማ ጎን ላይ ተጽፏል። የንፋሱ ልክ ደግሞ የሰንሰለቱ መሸፈኛ ላይ በተለጠፈችው ወረቀት አለልህ። ሰው ሲጫን የሚለውን ተመልከት፣ የኋላው ከፍ ይላል። ጎማው ሳይሞቅ፣ ከመነሳትህ በፊት ለካው። ተናድደህ ደግሞ ከልክ በላይ እንዳትነፋው፤ እንደ ኳስ እየነጠረ መንገዱን አልይዝ ይልሃል። እንዲመቻት ከፈለግህ መቀመጫው ላይ ትራስ እሰርላት፣ አንተም ቀስ በል።

ይህችን ደግሞ ጮክ ብለህ አንብብላት። እማዬ፣ የተወዛወዘው ሞተሩ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም። ሁሉም ሲስቅብሽ ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ። በይ እንግዲህ፣ ጎማው ሲስተካከል ልጅሽን ወገቡን ያዢና ወደ ሕክምናሽ ሂጂልኝ።

ለአባባ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ሲስቁ ሳላቸው እንዳይነሳባቸው የአሮጊቷን ነገር ዝለልላቸው። እህታችንን ጉንጯን ሳምልኝ፣ የጎበጠ ፊደሌን አይታ እንዳትስቅ ንገራት። ሞተር ሳይክሉንም ሰላም በልልኝ፤ ጥፋቱ የእሱም አልነበረም።

በገዛ እጁ የጻፈው ወንድምህ

ከጎማ ቤቱ ደጃፍ፣ እሁድ ጥር 9 ቀን