አቶ ደምመላሽ ኃይለልዑል እና የሃያ ሌቫዋ ኖት

አቶ ደምመላሽ ከአባታቸው ከአቶ ኃይለልዑል ዘውዴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኤልፍነሽ በ1950 ዓ.ም. በአሰላ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው በ1971 ዓ.ም. በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ ቡልጋሪያ ዋና ከተማ ሶፊያ ሄዱ፤ በኢኮኖሚክስም ተመረቁ። በ1982 ዓ.ም. ለንደን ገብተው ካሌዶኒያን ሮድ በሚገኝ ማተሚያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠሩ።

በ1984 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሮማንወርቅ ጋር ጋብቻ መሥርተው ይህን የጻፈችውን አንድ ልጃቸውን እድላዊትን ወለዱ። እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን የኖሩት ከጥንቱ የቡልጋሪያ የወረቀት ገንዘብ ጋር ነው። የመጀመሪያዎቹ የሃያና የሃምሳ ሌቫ ኖቶች በፈረንጆች 1885 በፒተርስበርግ መታተማቸውን፣ በወርቅ ይመነዘራሉ ቢባልም ሕዝቡ ወረቀቱን ትቶ ሳንቲሙን መምረጡን፣ ለክርስትናም ለተዝካርም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያስተምሩ ነበር። ልጃቸው ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች ግን ጠይቀው አያውቁም። እድላዊትን ትምህርት ቤት ያመላለሷት፣ ፓረንትስ ኢቪኒንግ በሚሉት የወላጆች ስብሰባ የተገኙላት ታናሽ ወንድማቸው አቶ ሳህሉ ናቸው።

በ2009 ዓ.ም. ሼፈርድስ ቡሽ በተደረገው የእድላዊት ሠርግ ላይ አቶ ደምመላሽ ብርቅዬዋን የሃያ ሌቫ ኖት ለአማቾቻቸው ሊያሳዩ ከፕላስቲኳ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አኖሯት። ማሲንቆ መቺው ሙሽራዋን ሲያወድስ አቶ ሳህሉ በደስታ ዘለው ተነሡ፤ ከፊታቸው ያገኟትን ኖት በምራቃቸው አርሰው ግንባሩ ላይ ለጠፏት። ገንዘብ መስላቸው ነበር፤ ደግሞስ ገንዘብ አይደለችም እንዴ? በላብ ርሳ ለሁለት ተቀደደች። አቶ ደምመላሽ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወንድማቸውን በጥፊ መቱ።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት አላነጋገሯቸውም። አቶ ሳህሉ ሽማግሌ አስከትለው፣ ድንጋይ ተሸክመው ክላፋም የወንድማቸው ደጃፍ ላይ ተንበረከኩ። አቶ ደምመላሽ «ድንጋዩን ካገኛችሁበት መልሱት» ብለው በሩን ዘጉ። እሑድ እሑድ ያስቀድሱ ነበር፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት መሆኑን የሚነግራቸው ግን አልተገኘም። ልጃቸውም አፍራ ዝም ብላለች፤ ለዚህም ትጸጸታለች።

አቶ ደምመላሽ በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ አቶ ሳህሉ ሊጠይቋቸው ቢመጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። የወንድማቸው ስም በዚህ ጽሑፍ እንዳይገባም አዘዙ። ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

ልጃቸው ትእዛዙን አልፈጸመችም። አቶ ደምመላሽ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሮማንወርቅን፣ ልጃቸውን እድላዊትን፣ እንዲሁም ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ቆመው እንግዳ የሚቀበሉትን ወንድማቸውን አቶ ሳህሉ ኃይለልዑልን ትተው አልፈዋል።

ለወንድማቸው የነፈጉትን ምሕረት እግዚአብሔር ለነፍሳቸው አይንፈጋት።