በኩማሞቶ የበላሁት ጥሬ ሥጋ

እማዋይሽ እህቴ፣ ከሰላምታው በፊት ጉዴን ስሚ። ልጄ ሥርጉት በዚህ እድሜዬ ብስክሌት ላይ አፈናጥጣኝ፣ በየምግብ ቤቱ እየቆምን ስንቀማምስ ዋልን። አንዱ ቤት ቀይ ጥሬ ሥጋ አቀረቡልን። «ተመስገን፣ ጃፓኖችም ቁርጥ ያውቃሉ!» ብዬ ሳህኑን ጠረግሁት።

«እማ፣ የፈረስ እኮ ነው፤ እዚህ ሁሉም ይበላዋል» አለችኝ።

እኛ ፈረስ ሲሞት ለጅብ እንጎትታለን፤ እነሱ በዝንጅብል ይበሉታል! ወልጄ ለዚህ በቃሁ። ከእንግዲህ መቁረብ እችል እንደሆነ የንስሐ አባቴን ጠይቂልኝ፤ ጭንቅ ላይ ነኝ። ይህን ፖስት ካርድ ማንም እንዳያነብልሽ፣ በስተርጅና አብረን ፊደል የቆጠርነው ለዚህ ነው። ቦታው አለቀብኝ፤ የቁስቋምን ጎረቤቶች ሁሉ ሳሚልኝ። ስለ ሥርጉትም የንስሐ አባቴን አደራ ጠይቂልኝ፤ እኔ አፌን ስጉመጠመጥ እሷ ሌላ ሳህን አዘዘች።

ዓይናዲስ