የፍል ውሃው ግቢ መብራቶች

ኅዳር 8 ቀን 1962፣ ሀገረ ሕይወት

ዛሬም የፍል ውሃውን ሆቴል ሣር ስቆፍር ዋልኩ። ስንዝር ጥልቀት፣ ከግንቡ እስከ መዋኛ ገንዳው ድረስ። የመብራቱን ሽቦ ቀብሬ አፈር መለስኩበት። ባሌ በድሉ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በቃል ይመራኛል። የሆቴሉ ሰው ሲያልፍ ካቻቪቴውን ከእጄ ይቀበለኛል፤ ሲርቅ ይመልስልኛል። ሰው የሚያየው ኤሌክትሪሺያኑ ሲሠራ፣ ሚስቱ ስታቀብል ነው።

ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ሥራው ከቀረ ግቢው ውስጥ የሰጡን ቤትም ይቀራል። "ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፣ በማርያም!" ብሎ አስማለኝ። ማልኩ። ምን ላድርግ?

ኅዳር 15

ትራንስፎርመሩን አስተማረኝ። በዚህ በኩል ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ይገባል፣ በዚያ በኩል አሥራ ሁለት ይወጣል። "አሥራ ሁለቱን እርጥብ ሣር ላይ ብትነኪውም ምንም አይልሽም። የሚገባው ግን..." አልጨረሰውም።

እጄ እየለመደ ነው። ሽቦ ልጬ ሳስር ደስ ይለኛል... ደስ ማለቱ ደግሞ ያናድደኛል። በለመድኩ ቁጥር ይበልጥ እታሰራለሁ።

ታኅሣሥ 2

ከጊንጪ መልእክት መጣ። እህቴ እታገኝ በአውቶቡስ ረዳት በኩል "እማዬ በጣም ታማለች፣ ስምሽን ትጠራለች" ብላለች። ለበድሉ ነገርኩት።

"አንድ ማታ ብቻ አድሬ ልምጣ።"

"መብራት ቢበላሽስ? ሌላ ባለሙያ ይጠራሉ። ሌላ ሰው ከገባ አለቀልን።"

በየማታው ወይ አንዱ አምፖል ይቃጠላል፣ ወይ አትክልተኛው ሽቦ ይቆርጣል። እውነቱን ነው። የከፋውም ይኸው፣ እውነቱን መሆኑ ነው።

ታኅሣሥ 6

አልሄድኩም።

ታኅሣሥ 11

ገንዳው ዳር ያሉት አምፖሎች ደብዝዘው ነበር። ሽቦው ሲረዝም ኃይሉ ይደክማል አለኝ በድሉ። ወፍራም ሽቦ ለብቻው ሳብኩላቸው። ሲመሽ ሁሉም እኩል ቦግ አሉ። እንግዶች አጨበጨቡ። በድሉ እጅ ነሣ። እኔ ከቁጥቋጦው ኋላ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ... እማዬ እንዴት ዋለች ይሆን?

ታኅሣሥ 17

የዛሬውን ሳላድር ልጻፈው።

አመሻሽ ላይ መብራቱ በሙሉ ድርግም አለ። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ኦቦ ዲንሳ ራሳቸው መጡ። "ማል ታኤ? ምን ሆነ በድሉ?" የትራንስፎርመሩን ሳጥን ከፍቼ ነበር። እሳቸው ከላያችን ቆመው አልሄድ አሉ። በድሉ ካቻቪቴውን ተቀበለኝ፣ በዳበሳ ጣቱን ሰደደ... ሁለት መቶ ሃያው ወደሚገባበት!

"አትንካው!"

ጮህኩ። ክንዱን ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት። ካቻቪቴው ወደቀ። ጎንበስ ብሎ መሬቱን ዳበሰ፤ እግሩ ሥር ያለውን አጣው።

ኦቦ ዲንሳ ዓይኑን አዩት። ከዚያ እኔን። "እስከ ዛሬ ይህን ሁሉ የሠራው ማን ነው?"

በድሉ መሬቱን መዳበሱን አልተወም። እኔስ? ምዬ የለ?

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ዋናውን ማብሪያ አጥፍቼ የላላውን ብሎን አጠበቅኩና መልሼ አበራሁት። ማንም አላጨበጨበም።

ታኅሣሥ 18

በድሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ።

ኦቦ ዲንሳ አስጠሩኝ። ቤት ልቀቁ ሊሉን ነው ብዬ ሄድኩ። "የሆቴሉ ባለቤት ስለ ሴት ኤሌክትሪሺያን ምን እንደሚሉ አላውቅም" አሉ። "እስኪወስኑ ድረስ ሥራሽን ቀጥዪ።"

"መጀመሪያ እናቴን ልይ።"

"መብራቱስ?"

"ሁለት ቀን ይጨልም።"

ከአፌ እንዴት እንደ ወጣ እኔም አላውቅ! "እሺ፣ ሂጂ" አሉ።

ታኅሣሥ 20፣ ጊንጪ

እማዬ አለች። ከስታለች፣ ግን ዛሬ አጥሚት ጠጣች። ጣቶቼን እያገላበጠች "ይህ ሁሉ ቁስል ምንድን ነው?" አለችኝ። ነገርኳት፣ ሁሉንም። "መብራት? አንቺ?" ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረባት።

ቤቱ ይቅር አይቅር አላውቅም። በድሉም እንዳኮረፈ ነው። ግን ትናንት ማለዳ ልወጣ ስል ተነሥቶ ጋቢውን ደረበ። "መናኸሪያ ድረስ ልሸኝሽ" አለ። በሆቴሉ በር፣ በገበያው መሀል አለፍን፤ የሚያውቁን ሁሉ ቆመው ያያሉ... እሱ ግን አለማየቱን ሳይደብቅ፣ በሰው ፊት ትከሻዬን ይዞ እየመራሁት ሄደ።