ወተት የሌለው ቁልቋል

ውድ ባለቤቴ አያሌው፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እንደምን ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበት ቦታ ከእኛ ቤት ሳይሻል አይቀርም። እኛ አለን። ደክሞናል እንጂ አለን።

ፍኖተ ሰላም እስከ በራችን ድረስ ኮብልስቶን ተነጠፈ፤ አንተ እያማረርህ የረገጥኸው ጭቃ ቀርቷል። መብራቱ እንደ ድሮው ይመጣል፣ ይሄዳል። እኔ ጠዋት አስተምራለሁ፤ ከሰዓት የአንድ ለአምስት ስብሰባ ካለ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ገብቼ ለእናትህ እራት አቀርባለሁ። እናትህ ጤና ናቸው። ግን ካንተ ቀብር ወዲህ ስምህን አንስተው አያውቁም ነበር። እኔም እንዳይከፉ ብዬ አላነሳሁትም። የተኛ ሰው እንዳይነቃ እንደሚጠነቀቅ ሁሉ፣ ሁለት ሴቶች በአንድ ቤት ውስጥ ዙሪያህን ስንዞር ከረምን።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ለአክስቴ ለቅሶ ቡሬ ሄጄ ነበር። ስመለስ ሚኒባሱ እስኪሞላ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ፣ አንዲት ሴት በዘይት ቆርቆሮ የተተከሉ አበቦች ስትሸጥ አየሁ። አንደኛው እሾህም ቅጠልም የለውም። ጠፍጣፋ አረንጓዴ አካሉ ቁራጭ በቁራጭ ተቀጣጥሎ ወደ ታች ወርዷል፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ደማቅ ሮዝ አበባ አለው። ስሙን ብጠይቃት የፈረንጅ ቁልቋል ነው አለችኝ፤ ከዚያ በላይ አታውቅም። አንተ ከሞትህ ወዲህ የማይበላና የማይለበስ ነገር ገዝቼ አላውቅም ነበር። ለምን እንደገዛሁት አሁንም አላውቅም። ጭኔ ላይ አድርጌ ቤት አደረስሁት።

እናትህ ገና ከበር ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ቁልቋል ነው አልኋቸው።

«ቁልቋል አጥር ነው፤ ቤት አይገባም። አውጭልኝ» አሉ።

አልጣልሁትም። ቁልቋል ፀሐይ ይወዳል ብዬ በረንዳው ላይ አስቀመጥሁት። የደረቀ እየመሰለኝም በየቀኑ ውሃ አጠጣሁት። ብዙ ሳይቆይ አበባው ረገፈ፣ አካሉ ቀላ፣ ከዚያም ተልፈሰፈሰ። ሳየው ይደክመኝ ጀመር። አንተን ሳስታምም የማውቀው ድካም ነው፤ የምችለውን ሁሉ እያደረግሁ ሲብስ የማየት ድካም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ባዶ ነው። ብፈልገው ከአጥሩ ውጭ ቦይ ውስጥ ወድቋል፤ ቆርቆሮው ተገልብጦ አካሉ ተሰባብሯል። በእናትህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደማላውቅ ታውቃለህ። ያን ቀን ጮህሁ።

«እሜቴ፣ አንዲት ነገር ለራሴ ባመጣ ምን በደልሁዎ?»

አልተቆጡም። መደቡ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ወተቱ ዓይን ያጠፋል» አሉ። «የአያሌውን ዓይን ሊያጠፋብኝ ነበር።»

ስምህን ሲጠሩ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

ፈረስ ቤት ከተማ አጠገብ ገጠር ሳላችሁ ነው አሉ። ትንሽ ልጅ ሆነህ የአጥሩን ቁልቋል በድንጋይ ስትቀጠቅጥ ወተቱ ግራ ዓይንህ ውስጥ ገባ። ጤና ጣቢያ በአቅራቢያ የለም። እናትህ ያኔ እህትህን ጡት ያጠቡ ነበርና አንተን ጭናቸው ላይ አስተኝተው በጡታቸው ወተት ዓይንህን ሲያጥቡ ዋሉ። ሕፃኗ ርቧት ታለቅሳለች። «እሷ ታልቅስ፣ የሱ ዓይን ይዳን አልሁ» አሉኝ። ዓይንህ ዳነ፤ ፀሐይ ሲያገኘው ብቻ ይጨፈን ነበር።

ይህን ነግረኸኝ አታውቅም። ምናልባት አንተም አታስታውሰው ይሆናል። ቡሬ ገበያ መጀመሪያ ስንተያይ ግራ ዓይንህን ጨፈን ስታደርግ እኔ የጠቀስኸኝ መስሎኝ ነበር። ያን ጥቅሻ አምኜ ነው ያገባሁህ። ለእናትህ ስነግራቸው ሳቁ፤ ሳቁና አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስሁ። ከቀብርህ ቀን የተረፈ ብዙ እንባ ኖሮናል።

ከዚያ ወጥቼ ከተሰባበረው አንዱን አመጣሁና ፊት ለፊታቸው ቀነጠስሁት። ወተት የለውም። ጥርት ያለ ውሃ ብቻ ነው ያወጣው። እናትህ በጣታቸው ነክተው አሸተቱት።

«ታዲያ ይሄ መች ቁልቋል ሆነ!» አሉኝ፣ እኔ እንዳታለልኋቸው ሁሉ።

በማግስቱ ቁርጥራጩን በፌስታል ይዘን አብረን ችግኝ ጣቢያ ሄድን። እናትህ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ቦታ ከሄዱ ስንት ጊዜያቸው! እዚያ የምትሠራ አንዲት ሴት ገልበጥ አድርጋ አየችው። ካክተስ የሚባል የውጭ አገር ተክል ነው፣ ከአጥሩ ቁልቋል ጋር ግን ዝምድና የለውም አለች። አገሩ በረሃ ሳይሆን ጫካ ነው፤ ዛፍ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ይኖራል። ቀጥተኛ ፀሐይ ያቃጥለዋል፤ ውሃ ከበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል። እኔ ሁለቱንም አድርጌበታለሁ። ቁራጮቹ የተቀነጠሱበት እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ እንዲቆዩ፣ ከዚያ አሸዋና የበሰበሰ ቅጠል በተቀላቀለበት አፈር እንዲተከሉ፣ አፈሩ ከላይ ሲደርቅ ብቻ እንዲጠጡ ነገረችን። እንቡጥ ሲይዝም ከቦታው እንዳናነሳው አስጠነቀቀችን።

ዋናው አልተረፈም። ከቁራጮቹ አንዳንዶቹ ሥር ሰደዱ። እናትህ እጅሽ ውሃ ያበዛል ብለው እኔን ከለከሉኝ፤ እሳቸው ጠዋት ጠዋት አፈሩን በጣታቸው እየነኩ «ዛሬ አልጠማውም» ይላሉ። ዘንድሮ ታኅሣሥ ላይ አንዱ አበበ። አበባው ትንሽ ነው፤ ቡሬ ካየሁት ያነሰ። እናትህ ግን ጎረቤት ጠርተው አሳዩ።

አሁንም ደክሞኛል፣ አያሌው። ጠዋት ስነሳ አልጋው በአንተ በኩል ቀዝቃዛ ነው፤ ያ አልተለወጠም። እራት ላይ ግን ስምህ ይነሳል። እናትህ እኔ ያላየሁትን ልጅ ይነግሩኛል፤ እኔ ደግሞ እሳቸው የማያውቁትን ባል እነግራቸዋለሁ። እሳቸው አርጅተዋል፤ እንደ ድሮው ረጅም መንገድ አይሄዱም፣ አንዳንዴም ያወሩትን ደግመው ያወሩታል። ደግመው ሲያወሩም አላቋርጣቸውም፤ አንድም ሳይቀር እይዘዋለሁ። እሳቸው ሲያልፉ ያን ትንሽ ልጅ የማስታውሰው እኔ ነኝ።

ባለቤትህ