የአሥራ ሰባተኛው ጥያቄ መልስ

ሰኔ 19

ዝውውሬ ተፈቅዷል።

የእኔዋ፣ እንደምን ከርመሻል? የእማማ ቀኝ እጅ ትንሽ መንቀሳቀስ ጀመረ ብለሽ ነበር። ማንኪያ መያዝ ከቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ትንሿንም ሳሚልኝ። ጥርሷ ወለቀ ወይስ አሁንም በምላሷ እየነቀነቀችው ነው?

ደስ የሚለውን ያስቀደምኩት ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ ደብዳቤውን ቀደሽ እንዳትጥዪው ነው። ዝውውሩ የተፈቀደው ባለፈው ረቡዕ ነው። ወረቀቱ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የቀረው የእሳቸው ፊርማ ብቻ ነው። በዚህ ክረምት ካልመጣህ ጨርሶ አትምጣ ያልሽኝን አልረሳሁም። እናትሽን ልታስታምሚ ሄደሽ፣ እዚያው መድኃኒት ቤት ሥራ ይዘሽ፣ ልጅ ብቻሽን ስታሳድጊ፣ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ ስልሽ ኖሬያለሁ። ስለዚህ የሆነውን ከሥሩ ልንገርሽ።

የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና የፊዚክስ መልስ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እኛ ጋ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መልሱን ይጽፋል፤ ሌሎቹ አምስት መምህራን ሳያነቡ ይፈርማሉ። ከዚያ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶብን ያንኑ ወረቀት እያየን እናርማለን። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ምድርን ስለምትዞር ሳተላይት ነበር። ጠቅላላ ኢነርጂዋ ስንት ነው ይላል። አምስት ነጥብ።

እኔ ከሃያ ዓመት በላይ በሰሌዳ ላይ የማሰላው ሌላ ነገር ነው፤ ሳተላይቷን ከምድር ለማላቀቅ ስንት ኢነርጂ ያስፈልጋል የሚለውን። የዚያ መልስ ፖዘቲቭ ነው። ልጆቹ መጨረሻ ላይ ማይነስ ሲመጣባቸው «ጣሉት፣ አያስፈልግም» እላቸዋለሁ። መልሱን በጻፍኩበት ቀን የዝውውሩን ፎርምም እየሞላሁ ነበር። አንዴ ወደዚያ፣ አንዴ ወደዚህ። እጄ የለመደውን ጻፈ። ቁጥሩ ያው ነው፣ ምልክቱ ግን ተቃራኒ። በዚያ መልስ መቶ አርባ ወረቀት አረምን። ተማሪዎቼ እንዳስተማርኳቸው ማይነሱን ጥለው አምስት አምስት አገኙ።

ሐሙስ ዕለት አንዲት ልጅ ማይነስ በመጻፏ አምስቱን ነጥብ ያጣችበትን ወረቀት ይዛ መጣች። በዓመቱ አጋማሽ ከሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረች፣ ኋላ የምትቀመጥ፣ ስታስነጥስ እንኳን ይቅርታ የምትል ዓይነት ናት። ለማለፍ ሦስት ነጥብ ጎድሏታል። ካላለፈች ትደግማለች፤ አባቷ ደግሞ የሚደግም ልጅ አላስተምርም፣ ልብስ ስፌት ትገቢያለሽ ብሏታል። መምህራን ክፍል ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። የኬሚስትሪው መምህር ወረቀቱን ከእጇ ቀበል አድርጎ ኢነርጂ ከዜሮ በታች ይሆናል እንዴ፣ ከምንም በታች ምን አለ ብሎ አፌዘባት። ሳቁ። እኔም ፈገግ ሳልል አልቀረሁም።

ልጅቷ እሱን ትታ እኔን አየች።

«መምህር፣ ዜሮው እኮ ምንም ማለት አይደለም። ዜሮው ከምድር ያመለጠችው ሳተላይት ናት፤ በጣም በጣም ርቃ ሄዳ የቆመችው። ይቺኛዋ እዚያ ለመድረስ ይጎድላታል።»

«ትሮጥ የለ እንዴ? ያስ አይቆጠርም?» አልኳት።

«ይቆጠራል። ግን የምድር ስበት የሚያጎድልባት የሩጫዋን እጥፍ ነው። ሲደመር ጎደሎ ይወጣል። ባይጎድላት ኖሮ ምድርና እሷ አብረው አይቆዩም ነበር።»

የኬሚስትሪው «ወይ ጉድ፣ ፍልስፍና ገባን» ብሎ ስኳር ጨመረ። እኔ የመልሱን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣሁ። መልሱን አነበብኩ፤ ከዚያ ጥያቄውን። ጆሮዬ ጋለ። ነገ ተመለሺ አልኳት።

ፊዚክስህን ከጫማህ ጋር በር ላይ አውልቅ ትይኝ እንደነበር አውቃለሁ። አውልቄያለሁ፤ ያለችውን ብቻ ነው የነገርኩሽ።

ከሰዓት ዳይሬክተሩ ጋ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ የደከማቸው ሰው ናቸው። ውጤቱ ለበላይ ቢሮ ተልኳል፤ አንድ መልስ ከተነካ መቶ አርባውም ይመለሳል፣ አጣሪ ይመጣል። ጉዳዩ በማጣራት ላይ ያለ መምህር ደግሞ እስኪያልቅ አይዛወርም፤ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ይህን ሁሉ በእርጋታ ካስረዱኝ በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ ምንም አልሰማሁም። ሂድ ሻንጣህን እሰር። ልጅቷ በሚቀጥለው ዓመት ታልፋለች።»

«በሚቀጥለው ዓመት እኮ እዚህ አትኖርም» አልኳቸው።

«ሚስትህስ ትኖራለች?»

በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

አራት ቀን ዝም አልኩ። ይህንንም እወቂው። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ፤ የቤቱን ቁልፍ ለማን እንደምሰጥ እንኳን ተነጋገርኩ። ልጅቷ ዓርብ መጣች፣ ሰኞ መጣች፤ ሁለቴም ነገ አልኳት። ሰኞ «እሺ መምህር» ብላ ስትሄድ ድምፅዋ ያንቺን መሰለኝ፤ ስልክ ላይ በመጨረሻ የምትይውን እሺ።

ዛሬ ጠዋት ማረሚያውን ጻፍኩት። አንድ ገጽ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ማይነስ የጻፈ ነጥቡን ያግኝ፤ እኔ ያሳሳትኳቸው ልጆች ደግሞ አይቀነስባቸው ይላል። ከመቶ አርባው ማይነስ የጻፈችው እሷ ብቻ ናት። የኬሚስትሪው ሲያነበው ጀግና ለመባል ነው አለኝ። ኧረ ደክሞኝ ነው አልኩት። እውነቴን ነው።

ጠብቂኝ አልልሽም። እሱን ቃል ሁለት ዓመት ተጠቅሜ ጨርሼዋለሁ። ብቻ ሻንጣውን አልፈታሁትም፤ ሸሚዝ የምለብሰው ከዚያው እያወጣሁ ነው።

እማማን ፈጣሪ በሁለት እግራቸው ያቁምልሽ። ትንሿን ያሳድግልን። አንቺንም ከዚህ ሁሉ ድካም ያሳርፍሽ፣ በእኔም ይሁን ያለ እኔ።

የልጅሽ አባት

ከዚህ በታች ያለው በእርሳስ የሆነው በምክንያት ነው። ደብዳቤሽን የጻፍኩት የበላይ ቢሮው መዝገብ ቤት ወረፋ ይዤ ነው። ተራዬ ደረሰ። የመዝገብ ቤቷ ሴት የማረሚያውን ገጽ ተቀበለች፣ ማህተም መታች፣ ቁጥር ሰጠችው። አሁን ማንም ሊያስቀረው አይችልም። ኮፒህን ላንሳልህ ብላ ተነሣች፤ እስከዚያ ይህን ፈርም ብላ ሌላ ቅጽ ገፋችልኝ። የዝውውር ጥያቄዬን በራሴ ፈቃድ ትቻለሁ የሚል ነው። አጣሪ ከመጣ ያው አትዛወርም፣ ሁሉም ይፈርማል፣ ፋይሉ ንጹህ ሆኖ ይዘጋል አለችኝ። ስሜን የምጽፍበትን መስመር አየሁት። ኮፒ ማንሻው ከኋላ እየጮኸ ነበር። ሳልፈርም እስክሪብቶዬን ቅጹ ላይ አስቀመጥኩና ኮፒውን ሳልጠብቅ ወጣሁ።