ፊርማው አልመሳሰል ስላለው ቀኝ እጄ

ቁጥር፦ (የወጪ ደብዳቤ ቁጥር የምትሰጠው ሠራተኛ እኔው ነበርኩ፤ ዛሬ እስክሪብቶ አልያዝ ስላለኝ ባዶውን ይታለፍልኝ)

ለክቡር የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሦስት ማመልከቻ ሦስት ጊዜ አልታወቅ ስላልኩት ስለ እኔ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ በተለይም የቀኝ እጅዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ማመልከቻዬ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጻፏት «ፊርማው አይመሳሰልም» የምትል ቃል፣ ፊደሏ ሁሉ ቀጥ ብሎ፣ አንዲት መስመር ሳይንቀጠቀጥባት ሦስት ጊዜ ስለደረሰችኝ፣ አውራ ጣትዎ፣ ጠቋሚዎና የመሃል ጣትዎ በሙሉ ጤና ላይ እንደሚገኙ ተረድቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ፈጣሪ ይጠብቅልዎ።

እኔ በመዝገብ ቤቱ በሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ለአሥራ ሰባት ዓመት ተቀምጬ፣ የመሥሪያ ቤቱን ወጪ ደብዳቤ ሁሉ መዝግቤ፣ ቁጥር ሰጥቼና ማኅተም መትቼ የማሰናብተው ሠራተኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ የምትጽፍልኝ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ናት። «እማዬ፣ ይቺን እንኳ እናለዝባት» ባለችኝ ቦታ ሁሉ እሺ ብያታለሁ፤ ስለዚህ ክቡርነትዎ የሚያነቡት የለዘበውን ነው።

ቅሬታዎቼን እንደ ደንቡ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ማኅተሙ። የማኅተሙ እጀታ ከመላላጡ የተነሣ ብረቱ ወጥቶ የመዳፌን ሥር የሚወጋ ቢሆንም፣ የቀለሙ ስፖንጅ ደርቆ ካልደበደቡት ወረቀት ላይ ምንም የማይተው ቢሆንም፣ በቀን ሁለት መቶ ያህል ደብዳቤ፣ እያንዳንዱን በሦስት ኮፒ እመታ ዘንድ ስለተጣለብኝ አደራ ላመሰግን እወዳለሁ። አዲስ ስፖንጅ እንዲገዛ በጽሑፍ በጠየቅሁ ጊዜ «በጥንካሬ ይመታ» የሚል መልስ ከክቡርነትዎ ቢሮ ደርሶኛል፤ ያንንም መልስ ቁጥር ሰጥቼ፣ በጥንካሬ መትቼ ፋይል አድርጌዋለሁ።

እንግዲህ የዛሬ ዓመት ገደማ አውራ ጣቴን፣ ጠቋሚዬንና የመሃል ጣቴን ጉንዳን የወረረኝ ያህል ይነዝረኝ ጀመር። ትንሿ ጣቴና አጠገቧ ያለችው ብቻ እስከ ዛሬ ደህና ናቸው፤ እነሱን ምናልባት ከሥራ መደባቸው ውጪ ስላላሠራናቸው ይሆናል። ከእንቅልፌ እየባነንኩ እጄን እንደ ረጠበ ጨርቅ ማራገፍ ልማዴ ሆነ። ቢሮ ውስጥ ሳራግፍ ያየኝም ሁሉ ለማን ነው ሰላምታ የምትሰጪው እያለ ይቀልድብኝ ነበር፣ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። በኋላ ብርጭቆ ከእጄ መውደቅ ጀመረ፣ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ፣ ሳቁም በዚያው ቀረ።

2ኛ. ስለ ማሰሪያው። እጄን ያየችልኝ ሐኪም አንጓዬን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ ሰጥታኝ ነበር። ክቡርነትዎ ኮሪደር ላይ አግኝተውኝ፣ ይህ ነገር ከደንብ ልብሱ ጋር የማይሄድ መሆኑን በትሕትና ስላሳሰቡኝ አመሰግናለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሥራ ሰዓት አውልቄ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። የመሳቢያው ጤንነት እጅግ ተሻሽሏል።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ተራ ቁጥሩን ላቁመው። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ፤ ድምፄ ተለውጦ ይሆናል። ፈርቻለሁ። ይህን ቃል በመንግሥት ወረቀት ላይ ጽፌው ስለማላውቅ በየትኛው አንቀጽ እንደሚገባ አላውቅም።

ሐኪሟ ዓይኔን እንድጨፍንና ጣቴን በመርፌ በነካችኝ ቁጥር እሺ እንድላት ነገረችኝ። ጨፍኜ ጠበቅሁ። ከውጭ የአልጋ ጎማ ሲጮህ ይሰማኛል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሰማኛል፣ መርፌው ግን አልመጣም። ብጠብቅ ብጠብቅ ዝም ስትለኝ፣ ሌላ ሥራ ይዛ ይሆናል ብዬ «ዶክተር፣ ይጀምሩ እንጂ» አልኳት። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጨርሻለሁ» አለችኝ። ዓይኔን ስገልጥ የጠቋሚ ጣቴ ጫፍ ላይ ሁለት ትናንሽ ቀይ ነጥቦች አየሁ።

በአንጓዬ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ሳይጨመቅ አልቀረም አለችኝ። ቁርጡ የሚታወቀው ግን በኤሌክትሪክ በሚደረግ የነርቭ ምርመራ ስለሆነ ወደ ሌላ ሆስፒታል ላከችኝ። የአውራ ጣቴ ሥር ያለውን ሥጋ ከግራው ጋር አስተያይታ፣ መሟሸሽ መጀመሩን አሳየችኝ። ምክንያቱ ይኸው ከሆነ በትንሽ ቀዶ ጥገና ሊፈታ እንደሚችል፣ ከዘገየ ግን የጠፋው ነገር ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ነገረችኝ። ያቺ «ላይመለስም» ያለቻት ቃል ሆዴ ውስጥ ተቀምጣ አልወጣ ብላለች።

ባለፈው ወር የልጄን ሸሚዝ ስተኩስ አንድ ነገር ሸተተኝ። ሸሚዙ ተቃጠለ ብዬ አነሣሁት፤ ሸሚዙ ደህና ነው። ልጄ ናት ከኋላዬ ሮጣ መጥታ እጄን የመነጨቀችው፤ አውራ ጣቴ የካውያው ብረት ላይ አርፎ ኖሯል። አልጮህኩም፣ ምን ተሰምቶኝ ልጩህ? እሷ ነች የጮኸችው። አሁን ጠባሳው ሲነካ ያምሻል ወይ እያለች በየቀኑ ትጠይቀኛለች፣ እኔም ትንሽ ትንሽ እያልኩ እዋሻታለሁ። ይህንን ስናገር ጽሑፏን አቁማ ነበር፤ ጻፊው ብያታለሁ።

ወደ ደንቡ እመለሳለሁ።

3ኛ. ስለ ፊርማው። ለምርመራው የሦስት ቀን ፈቃድና ሆስፒታሉ የሚቀበለው የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ እንዲሰጠኝ አመለከትሁ። ማመልከቻዬን የተቀበለኝ በቢሮው ሁሉ «መስኮት» እየተባለ የሚጠራው ፊርማ አመሳካሪያችን ነው። ሥራውን በትጋት እንደሚሠራ እመሰክራለሁ፤ የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ስቀጠር የፈረምሁትን ናሙና ከፋይሌ አውጥቶ፣ ከማመልከቻዬ ጋር ደርቦ፣ የመስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፎ በብርሃን አስተያየው። የጥንቷ ፊርማዬ ጭራዋ ረጅም ነው፣ ጫፏ ላይ ሁለት ነጥብ አላት፤ ወጣት ነበርኩ፣ ጊዜም ጣትም ነበረኝ። አዲሷ ጭራ የላትም ተብሎ ማመልከቻው ተመለሰ። ሁለተኛው ተንቀጥቅጧል ተብሎ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀኝ እጄን በግራ እጄ ጨብጬ፣ ምላሴን ነክሼ ፈረምሁ፤ እሱ ደግሞ ከናሙናውም፣ ከፊተኞቹ ከሁለቱም የማይመስል የሌላ ሰው ፊርማ ነው ተባለ።

በዚህ መካከል የመጀመሪያው ቀጠሮዬ አለፈ። አቤት ልል ቢሮዎ ገባሁ። ወንበር ስበው ስላስቀመጡኝ አመሰግናለሁ። ያሉኝንም ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «እርስዎ መሆንዎንማ አውቃለሁ፤ ፋይሉ ነው ያላወቀዎት።»

ክቡር ሆይ፣ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የሚያስፈልገኝ ደብዳቤ ናሙና እኔ ኮምፒውተር ላይ አለ። ማኅተሙ የሚያድረው እኔ መሳቢያ ውስጥ፣ ከማሰሪያዬ አጠገብ ነው። ቁልፉም አንገቴ ላይ ነው። አንዴ መታ ባደርገው ሆስፒታሉ በሩን ይከፍትልኝ ነበር። አላደረግሁትም። ስለ ታማኝነቴ ምስጋና አልጠይቅም፤ ሞኝነቴ መሆኑን ልጄ ነግራኛለች።

4ኛ. ይህ ቅሬታ አይደለም፣ ኑዛዜ ነው። ቅሬታ የሚቀርብበት ሰው እኔ ስለሆንኩ ለየት ባለ ወረቀት ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ግን ወረቀትም አልይዝ ብሎኛል።

የዛሬ አራት ዓመት «መስኮት» ለሁለት ወር ሲታመም ፊርማ አመሳካሪዋ እኔ ነበርኩ። የበር ጥበቃው አባባ፣ እነዚያ ጧት ጧት ሁላችንንም በየልጆቻችን ስም እየጠሩ የሚያስገቡን ሽማግሌ፣ የሕክምና ፈቃድ ሊጠይቁ መጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ፊርማቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፌ አስተያየሁና «አባባ፣ አስተካክለው ይፈርሙና ይመለሱ» አልኳቸው። ተመለሱ። መለስኳቸው። እንደገና ተመለሱ፣ እንደገና መለስኳቸው፤ በጣም በትሕትና ነው ታዲያ፣ ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም። በአራተኛው ቀን አልመጡም። ያለ ፈቃድ ቀርተዋል ተብሎ ተጻፈ፤ የስንብታቸውን ደብዳቤ ቁጥር የሰጠሁትም፣ ማኅተም የመታሁትም እኔ ነኝ። ዛሬ የት እንዳሉ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ሰኞ ዕለት የእሳቸውን ፋይል ከተዘጉት ፋይሎች መደርደሪያ አውጥቼ፣ የመጨረሻ ፊርማቸውን ከእኔ ሦስተኛ ፊርማ ጋር ደርቤ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። ክቡር ሆይ፣ ተመሳሰሉ። እዚያው የፋይል ካርቶን ላይ ተቀመጥሁ። ሰውዬው ያኔ የተሰማቸው ይኸ ከሆነ፣ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ እያልኩ ነው የዋልኩት።

አምስተኛ ቅሬታ ነበረኝ፣ ረሳሁት። ስለ ወንበሩ ሳይሆን አይቀርም።

የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አዲሱ ቀጠሮዬ ማክሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ከዚያ በፊት ፈቃዱና ደብዳቤው ይፈረምልኝ። እስከዚያው ማኅተሙን ሌላ ሰው ይምታው፤ ስፖንጁ ከተገዛ በኋላ ቢሆን ደግሞ ለዚያ ሰው ጽድቅ ነው። ይህ ቀጠሮ ካለፈኝ ሌላ የሚሰጡኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው። በሦስት ወር ውስጥ እጄ ምን እንደሚሆን ሐኪሟም አልነገረችኝም፣ እኔም ልጠይቃት አልደፈርሁም። የልጄን ፊት በመዳፌ ስዳስስ የሚሰማኝ ዛሬ በትንሿ ጣቴና በአጠገቧ ባለችው ብቻ ነው። እነዚያን ሁለቱን ይዤ ስንት ዓመት መኖር እንደምችል አላውቅም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ጭራው የማያጥር ፊርማ፣ ሸሚዝዎን ያለማንም እርዳታ የሚቆልፉባቸው፣ ሲወጉም ፈጥነው የሚያሙዎት አሥር ጣቶች እየተመኘሁ፣ ለሦስቱ ቀይ ጽሑፎችዎም ባለውለታ መሆኔን ሳልሸሽግ፣ አንገቴን ዝቅ አድርጌ እሰናበታለሁ።

የሦስተኛው ጠረጴዛ ሠራተኛ
(ፊርማ፦ አይመሳሰልምና ቀርቷል)

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው
ለ«መስኮት»፣ ብርሃን በሚበቃበት ሰዓት
ለበር ጥበቃው አባባ፣ ባሉበት፣ ከይቅርታ ጋር

የተረሳች ነገር፦ ምክትልዎ አዝነውልኝ፣ መፈረም ላቃተው ሰው ደንቡ የጣት አሻራ እንደሚፈቅድ ነግረውኛል፤ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ስቀጠር የሰጠሁት የአውራ ጣት አሻራ ፋይሌ ሁለተኛ ገጽ ላይ ስላለ፣ ለማመሳሰል እንዲመቻችሁ ያንኑ ጣት ከዚህ በታች አኑሬያለሁ። ቀለሙ ይቀዝቅዝ፣ ወረቀቱ ይሻክር አላውቅም፤ ጣቴ ወረቀቱን መንካቱን የነገረችኝ ልጄ ናት። መካከሉ ላይ የምታዩት ባዶ ቦታ የካውያው ጠባሳ ነው። በዚህ ምክንያት ይህም አይመሳሰልም የሚባል ከሆነ፣ እባክዎ የማን አሻራ እንደሆነ አፈላልገው ለአሻራው ባለቤት ይንገሩልኝ፤ ማክሰኞ ጧት ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለባት።