አባባ በማዶ ቋንቋ ሲናገር

ውድ እትዬ፣

ከሁሉ በፊት እንዳትደነግጪ፤ አባባ በሕይወት አለ። ይህን ያስቀደምኩት፣ ከኛ ቤት ደብዳቤ ሲደርስሽ ክፉ ወሬ እየጠበቅሽ እንደምትከፍቺው ስለማውቅ ነው። ስልክሽ አይነሳም። ቁጥር ቀይረሽ ይሁን ወይስ የቤታችንን ቁጥር ስታዪ ልብሽ እምቢ እያለሽ፣ አላውቅም። በምታስተምሪበት ትምህርት ቤት አድራሻ ልሞክር ብዬ፣ ይኸው ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ የፊዚክስ መጽሐፌን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ እጽፍልሻለሁ። ጽሕፈቴ ከተበላሸ ይቅር በዪኝ። በር በተከፈተ ቁጥር ብድግ ስለምል ነው።

ባለፈው ዓርብ የክብር ተማሪዎች ማኅበር ቃለ መሐላ የምንፈጽምበት ቀን ነበር። አንቺም ያለፍሽበት ስለሆነ ብዙ አላስረዳሽም። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ጉርድ፣ ወላጆች ፊት ለፊት፣ እኛ መድረኩ ሥር ተሰልፈን። ኃላፊዋ አሁንም ወይዘሮ መመሪያ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣሽላቸው አንቺ እንደሆንሽ ይነገራል፤ እኔ አልመሰከርኩብሽም። አሁንም አፋቸውን ሲከፍቱ ቀድሞ የሚወጣው የአንቀጽ ቁጥር ነው።

ማኅበሩ ውስጥ ለመግባት ውጤት ብቻ እንደማይበቃ ታውቂያለሽ፤ በአንድ ክበብ ውስጥ ማገልገል አለብሽ። እኔ አንቺ ያቋቋምሽውን የማዶ ቋንቋ ክበብ መረጥኩ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «ከወንዙ ማዶ ያሉ ሽማግሌዎች ብቻ የሚያወሩትን ቋንቋ ተምረሽ ማንን ልታናግሪበት ነው?» አሉኝ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ ድምፅሽ የቀረው እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻ ስለመሰለኝ ነው የገባሁት። ከላቦራቶሪው ጀርባ ያለችው ክፍል፣ ያ የፕላስቲክ አፅም ጥግ ላይ ቆሞ የሚያፈጥባት፣ እስካሁን የኛ ናት። የሳልሽው ማስታወቂያ ጠርዙን አይጥ ቢቀምሰውም አልወረደም። አስተማሪ ስለሌለን የምንማረው አንቺ ከሰበሰብሻቸው የልጆች ዘፈኖችና ተረቶች ነው። በማዶ ቋንቋ ስለ ንብ ልዘፍንልሽ እችላለሁ፤ «ጨው አቀብዪኝ» ማለት ግን አልችልም።

አባባ ይህን አያውቅም ነበር። «የቋንቋ ክበብ ገባሁ» ስለው «ጎበዝ» አለኝ፤ የትኛው ቋንቋ ብሎ አልጠየቀኝም። የቤታችንን ሕግ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የመጨረሻዋን ራታችንን ስንቴ አስባታለሁ መሰለሽ! አንቺ በማዶ ቋንቋ አንድ ተረት ጣል ስታደርጊለት፣ እሱ ማንኪያውን አስቀምጦ «በዚህ ቤት ይሄ ቋንቋ አይነገርም» ሲል። «ያንተ አይደለም እንዴ?» አልሽው። «የኔ ስለሆነ ነው» አለሽ። ከዚያ በኋላ ሥራሽን ይዘሽ ወደዚያ ሩቅ ከተማ ስትሄጂ፣ እኔና እማዬ መኪና ተራ ድረስ ሸኘንሽ፤ እሱ ጋራዥ ዋለ። ያን ቀን የሠራው መኪና አልነበረም፤ አንድ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ እንደዋለ ጓደኞቹ በኋላ ነገሩን።

እና ዓርብ ዕለት ተሰልፌ ሳለሁ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እማዬ ናት። ቀን ላይ ደውላልኝ ስለማታውቅ እዚያው ሰልፉ ላይ አነሳሁት።

«ነይ» አለችኝ። «አባትሽ ጋራዥ ውስጥ ተዝለፍልፎ ሆስፒታል አምጥተውታል። የማይሆን ነገር ያወራል። እኔንም አላወቀኝ መሰለኝ።»

ከሰልፉ ስወጣ ወይዘሮ መመሪያ መንገዴ ላይ ቆሙ። «ወዴት ነው?»

«አባቴ ታሟል።»

«በመመሪያው መሠረት በአካል ተገኝቶ ቃል ያልገባ ተማሪ አባል መሆን አይችልም። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አንቺ እዚህ የለሽም።»

«አውቃለሁ፣ ቲቸር።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሩጪ እንጂ!»

ሮጥኩ። እማዬን ያገኘኋት የአባባን የሥራ ጫማ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቆማ ነው። አባባ አልጋ ላይ ነው። የቀኝ እጁ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሏል። አፉ ግን አያርፍም፤ ይናገራል፣ ይናገራል፣ ማንም ስለማይሰማው ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ለእማዬ ታስረዳለች። «ንግግራቸው ተዘበራርቋል፣ ትርጉም የለውም። የረጋ ደም ጭንቅላታቸው ውስጥ ገብቶ ይመስለኛል።»

ቆሜ አዳመጥኩ። እትዬ፣ የሰውነቴ ፀጉር በሙሉ ቆመ። የምሰማው ዜማ የኛ የክበባችን ክፍል ዜማ ነበር።

«ዶክተር፣ አልተዘበራረቀም» አልኩ። «ቋንቋ ነው። የልጅነት ቋንቋው ነው።»

እማዬ ዞራ አየችኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አብራው ኖራ ከአፉ ሰምታው አታውቅም።

ዶክተሯ ክንዴን ያዘችኝ። «ትችይዋለሽ? እንግዲያው ጠይቂልኝ። ሰሞኑን ወድቀዋል? ጭንቅላታቸውን ተመተዋል? የጭንቅላት ፎቶ የሚያነሳው መሣሪያችን ተበላሽቷል፤ ሌላ ሆስፒታል ወረፋ ይዘንላቸዋል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል። የረጋ ደም ከሆነ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አሁኑኑ ልጀምርላቸው እፈልጋለሁ። ተመተው ውስጥ ውስጡን እየደሙ ከሆነ ግን ያው መድኃኒት ይገድላቸዋል።»

«አልወደቀም» አለች እማዬ። «ቢወድቅ ይነግረኝ ነበር።»

እኔ ጎንበስ ብዬ በማዶ ቋንቋ «እንዴት አደርክ» አልኩት። ከቀትር በኋላ ነበር፤ ሌላ ሰላምታ አላውቅም። ፊቱን ብታዪው! ውኃ ውስጥ ሲሰጥም ገመድ እንደተወረወረለት ሰው፣ በደህናው እጁ የእጄን አንጓ ጨብጦ ያለማቋረጥ ያወራ ጀመር። እንደዚያ ሲያወራኝ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ደግሞ ምንም አልገባኝም። ቆይቶ ሁለት ቃል ያዝኩ። «ወደቀ» እና «ራሴን»። ያን የፍሬውን ዘፈን ታስታውሻለሽ፣ ፍሬው ከዛፉ ወድቆ የልጁን ራስ የሚመታበትን? ከዚያ ነው የማውቃቸው። ግን ምን ወደቀ? እሱ ነው የወደቀው ወይስ የሆነ ነገር ነው የወደቀበት? ወይስ ሰው ሲጨንቀው የልጅነት ዘፈኑ ትዝ ይለዋል፣ እሱን እያንጎራጎረ ነው?

«ምን አሉ?» አለች ዶክተሯ። ነርሷ መርፌውን ይዛ ቆማለች።

ፈተና ላይ ያላወቅኩትን ጥያቄ ዘልዬ እመለስበታለሁ። ይሄ የሚዘለል አይደለም። ተመቷል ብዬ ተመትቶ ባይሆን፣ በኔ ምክንያት መድኃኒቱ ይዘገያል። አልተመታም ብዬ ደግሞ… «ትንሽ ብቻ ጠብቂኝ፣ እባክሽ» አልኩና ለሬዲዮ ደወልኩ።

ሬዲዮን አታውቂውም፤ አሁን የክበባችን ሊቀመንበር ነው። አፉ ስለማይዘጋ ነው ሬዲዮ የተባለው። ሒሳብ ጥሎት የክብር ማኅበሩ አልተቀበለውም፤ «እኔ ክብሬ ምላሴ ላይ ነው» እያለ ይዞራል። አያቱ ከወንዙ ማዶ ናቸው፤ እሱም ከኛ ሁሉ የተሻለ የሚሰማው ለዚህ ነው። ነገሩን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልወጣውም። «ቤት ነኝ፣ አያቴ እዚሁ ናት። ድምፁን ከፍ አድርጊው» አለ።

ስልኩን አባባ ጆሮ አጠገብ አደረግኩ። አሮጊቷ ጆሯቸው ስለሚከብድ ይጮሃሉ፤ ድንገተኛ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየን። አባባ ድምፃቸውን ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ መለሰላቸው፣ እሳቸውም ጠየቁት፣ እሱም መለሰ። እኔ የነርሷን እጅ እያየሁ ነው። ሬዲዮ በመሃል መተርጎም ጀመረ።

«ብረት ነው የሚለው! የጭነት መኪና ኮፈን። ኮፈኑን ደግፎ የያዘው ዘንግ ሲንሸራተት ኮፈኑ ራሱ ላይ ወደቀበት። ዛሬ አይደለም፣ ቆየት ብሏል። ከዚያ ወዲህ ራሱን ያመው ነበር።» ከዚያ ደግሞ ጨመረ፦ «ለሚስቴ እንዳትነግሩብኝ፣ ትደነግጣለች ይላል።»

«አይ ያንተ ነገር!» አለች እማዬ፣ ጫማውን እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ዶክተሯ መርፌውን ከነርሷ እጅ ተቀብላ አስቀመጠችው፤ ወዲያው ስልክ ላይ ስትጮህ፣ አምቡላንስ ስትጠራ ሰማሁ። ያን ዕለት ሌላ ሆስፒታል ወሰዱት፣ ፎቶ አነሱት፣ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቡት። ደሙ ቀስ በቀስ ከራስ ቅሉ ሥር ሲጠራቀም ነው የሰነበተው። ቀዶ ሐኪሙ ሲወጣ ጭምብሉን አውርዶ «ያ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ቢሆን…» አለና ሳይጨርሰው ተወው። እኔም እንዲጨርሰው አልፈለግኩም።

አሁን እንዲህ ነው። የቀኝ እጁ ጣቶች መንቀሳቀስ ጀምረዋል። የከተማው ቋንቋ አንድ አንድ ቃል እያለ እየተመለሰለት ነው፤ ትናንት «ውኃ» አለ፣ የእማዬንም ስም ጠራ። ቀሪው ሁሉ ግን የማዶ ነው። የሬዲዮ አያት በየቀኑ ይደውላሉ። እማዬ ሰላምታ ተምራ ስታበላሽበት ይስቃል፤ ስቆ ሲጨርስ እጇን ይስማል። እሑድ ዕለት ወይዘሮ መመሪያ ብርቱካን ይዘው መጡ። «መመሪያው አልተቀየረም» አሉኝ። «አውቃለሁ» አልኳቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከፍቶኛል፤ ያን ነጭ ሸሚዝ እስካሁን ማጠብ አልቻልኩም። ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና «ይማርህ በሱ ቋንቋ እንዴት ይባላል?» ብለው ጠየቁ። ነገርኳቸው። ተሳሳቱ። አባባ አልጋው ላይ ሆኖ አረማቸው። ደገሙት፣ አሁንም አልሆነም፤ ራሱን ነቀነቀባቸው። እስኪስተካከል ድረስ አልለቀቃቸውም።

ለምን ቋንቋውን ከቤት እንዳስወጣው ለሬዲዮ አያት ነግሯቸዋል፤ ሬዲዮ ተርጉሞልኛል። ወጣት ሆኖ ጋራዥ ሲቀጠር መዶሻን በማዶ ቋንቋ ጠራት። አለቃው ደስ አለው፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «እስቲ በላት፣ እስቲ ድገማት» እያለ ያስቅበት ነበር። ስሙን ትተው በዚያች ቃል ይጠሩት ነበር፣ ለዓመታት። «ልጆቼ አፋቸውን ሲከፍቱ ማንም እንዳይስቅባቸው ብዬ ነው» አለ። እትዬ፣ የተቆጣው ባንቺ አልነበረም። ያን ራት ማንኪያውን ያስቀመጠው ስለፈራልሽ ነው።

እኔ ደግሞ የራሴ ፍርሃት አለኝ። ሐኪሙ ደሙ ተመልሶ ሊጠራቀም ይችላል ብሏል፤ ረቡዕ እንደገና ፎቶ ይነሳል። እንቅልፉ ሲረዝምብኝ መዳፌን ደረቱ ላይ አድርጌ ትንፋሹን እጠብቃለሁ። ለእማዬ ያልነገርኳት ሌላም አለ። የከተማው ቃላት ሁሉ ሲመለሱለት ይሄኛውን በር መልሶ እንዳይዘጋው እፈራለሁ። አሁን ክፍት ነው። አሁን የጠየቁትን ሁሉ ይመልሳል፤ እኔ ግን የምጠይቅበት ቃል የለኝም፣ ያለሽ አንቺ ነሽ። ስለዚህ ነይ። ይቅርታውን ማን ይጀምር ብላችሁ እንዳትተያዩ፤ ያን ያህል ጊዜ እንዳለን አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት በምልክት አገጩን እያሳየ ጢሙን እንድላጨው ጠየቀኝ። እየተጠነቀቅኩ ላጨሁት። ጨርሼ መስታወቱን ስይዝለት ግራ ጉንጩን ፈተሸ፣ ቀኙን ፈተሸ፣ አንድ የቀረች ፀጉር አሳየኝ።

«ለማን ነው እንዲህ የምታምረው?» አልኩት በከተማው ቋንቋ፣ ይግባው አይግባው ሳላውቅ።

ስምሽን ጠራ።

ክፍሉ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ የሱ አልጋ መስኮቱ ጋ ያለው ነው፣ ፊቱ ወደ በሩ ነው።

በር በተከፈተ ቁጥር ብድግ የምትለው
ታናሽሽ